ወደ ኋላ የተመለሱት ቀዳዳዎች

ሐሙስ ኦክቶበር አራት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ የዴላ ሃስኬል ስልክ ጮኸ። ወንድሟ ኦሪን በብላክ ሪድ ሸለቆ ፍል ኩሬ ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። ደዋዩ ኦሪን የሚሠራበት፣ ሸለቆው ውስጥ ፍል ውሃ ለማውጣት የሚቆፍረው ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ፔልተን ነበር፤ «አዝናለሁ» ካለ በኋላ ትንፋሽ ሳይወስድ «በራሱ ቸልተኝነት ነው» ሲል አስከተለ።

ዴላ ስትደርስ አስከሬኑ በሸራ ተሸፍኗል። የካውንቲው መርማሪ ኔካ ኡጋልዴ ኩሬው ዳር ተንበርክካ ነጩን የመሬት ቅርፊት ትመረምራለች። ቅርፊቱ ስስ ነው፤ ከሥሩ ጭቃ ይንተከተካል።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት» አለ ከብት አርቢው ቡርል ታከት፣ ማንም ሳይጠይቀው። «አልገደልኩትም። አላለቅስለትም ግን። እነዚህ ድንጋይ ላሾች፣ የመሬት ተመራማሪ ተብዬዎች፣ የመጡት ምንጬን ሊያደርቁ ነው።»

«አፍህን ዝጋ፣ ታከት» አለች ዴላ።

«መሬቴ ላይ ቆመሽ?»

ፔልተን ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ጮኸ። «መርማሪ፣ ነገሩ ግልጽ ነው! መሬት መውጊያ ብረቱን ሳይዝ ገባ፣ ቅርፊቱ ከዳው፣ ሲወድቅ ጭንቅላቱን ተመታ። ብረቱ የኦሪን መኪና ላይ በቦታው ታስሯል፤ ሄደሽ እዪው።»

ዴላን ያንገበገባት ይህ ነበር። ኦሪን የከርሰ ምድር ሙቀት የሚለካበትን ያን ረጅም ብረት ከፊቱ ሳይወጋ በፍል መሬት ላይ አንድ እርምጃ ተራምዶ አያውቅም። ለሸለቆው አዲስ የሆነውን ሁሉ ያስተማረው እሱ ነው። አሁን እሱ ራሱ በቸልተኝነት ሞተ ተብሎ ሊጻፍበት ነው።

«ትናንት እዚህ ዘንቦ ነበር?» ኔካ ታከትን ጠየቀችው።

«እኩለ ቀን ላይ። ዶፍ ነው የወረደው።»

«እንግዲያው ከዚያ በፊት የተወጋ ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኗል። እነዚህ ከዝናቡ በኋላ የመጡ ናቸው።» በጣቷ አሳየች። በየእርምጃው የተወጉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ከመንገዱ ተነስተው፣ ወደ ኩሬው እያዘነበሉ፣ አፋፉ ላይ ደርሰዋል። «ብረቱን ይዞ ነው የገባው።»

ራቅ ብሎ ሌላ ረድፍ ነበር። የዚህኛው ቀዳዳዎች የሚያዘነብሉት ወደ መንገዱ ነው፤ የወጋቸው ሰው ይሄድ የነበረው ወደዚያ ነው። ዴላ አፏን በእጇ ያዘች።

«እሱ እኮ አልተመለሰም» አለች።

«ብረቱ ግን ተመልሷል።»

«እኔን እንዳታዪኝ» አለ ታከት። «ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ የምሻገረው የላሞቼን ዱካ ተከትዬ ነው። ብረት ይዤ አላውቅም።»

«እኔ ደግሞ እዚያ ቅርፊት ላይ እግሬን አሳርፌ አላውቅም» አለ ፔልተን ከመኪናው እየወረደ።

«እሱስ ያስታውቃል!» አለ ታከት፣ የሚያብለጨልጭ ጫማውን እያየ።

በኩባንያው ቢሮ ኔካ ግራንት ሎውሪን አገኘችው። የሸለቆውን ከርሰ ምድር የሚያሳየውን የኮምፒውተር ሞዴል የሚሠራው እሱ ነው።

«ኦሪንን መቼ ነው ያየኸው?»

«ሰኞ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ከዚህ ወንበርም አልተነሳሁም።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«እሱ ከማን ጋር ያልተጣላ አለ? ሥራዬን ‹የሚያምር የልጆች ሥዕል› ይለው ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ ሰኞ ከግራንት ሞዴል የታተመው ካርታ ተለጥፏል። ሸለቆውን ከደቡብ እስከ ሰሜን የሚከፍል አንድ ቀጥ ያለ የመሬት ስንጥቅና እስከዚያን ቀን ሙቀት የተለካባቸው ቦታዎች ይታያሉ፤ በመጪው ሳምንት ቁፋሮው የሚጀመረው ስንጥቁ መሃል ላይ ነው።

«ግራንት፣ ሞዴሉን ክፈትልኝ።»

ግራንት እያመነታ ከፈተው። ስክሪኑ ላይ ስንጥቁ ሁለት ሆኗል። የደቡቡ ከማለቁ በፊት የሰሜኑ ከጎኑ ይጀምራል።

«ዴላ፣ ወንድምሽ ምን ነበር የሚፈልገው?»

«የሁለቱን ጫፍ። ስንጥቁ አንድ አይደለም ይል ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን በሚተላለፉበት መሃላቸው ያለው ድንጋይ ይደቃል፤ ፍል ውሃው ሽቅብ የሚወጣው በዚያ ነው። የት ጋ እንደሚተላለፉ ግን ገና አላወቀም ነበር።»

«ትናንት አውቋል» አለች ኔካ። «ከኩሬው በስተሰሜን፣ ሙቀት ለመለካት ብረቱን ጠልቆ የሰደደባቸው አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ። እዚህ ስክሪን ላይ የደቡቡ ስንጥቅ የሚያልቀው ልክ እዚያ ነው።»

«ከድሮ ልኬቶች ነው ያወጣሁት» አለ ግራንት።

«የድሮዎቹ እዚያ አልደረሱም፤ ካርታው እዚህ ግድግዳ ላይ አለ። የትናንቶቹን ቁጥሮች የያዘው መለኪያ ከኦሪን ኪስ ተቀቅሎ ነው የወጣው። ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም። ቁጥሮቹን ሊያይ የሚችለው አጠገቡ የቆመ ሰው ብቻ ነው። አንተ ደግሞ ከሰኞ ወዲህ አላየሁትም አልክ።»

ወደ ግራንት ጠጋ አለች።

«መታኸው፤ ኩሬው ውስጥ ጣልከው። ስትመለስ እሱ እንዳስተማረህ በየእርምጃህ እየወጋህ ተመለስክ። ብረቱንም እንደ ልማድህ ቦታው ላይ አሰርከው። ይህንን የስንጥቅ መስመር ሞዴሉ ላይ ባትቀይረው ኖሮ ግን አንተ መሆንህን ማረጋገጥ አልችልም ነበር። ለምን ቀየርከው?»

«ስህተት መሆኑን እያወቅኩ ልተወው?» ግራንት ጮኸ። «ስድስት ዓመት የደከምኩበት ነው! ነገ በስብሰባው ላይ ሁሉም ፊት ሊያፈርሰው ነበር። አንድ ሳምንት ስጠኝ፣ እኔው ላስተካክለው ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ!»

«በእኔም ዕድሜ ልኬን ሲስቅብኝ ኖሯል» አለች ዴላ። «እኔ አልገደልኩትም።»

ፔልተን አሁንም ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። «ታዲያ» አለ፣ «የምንቆፍረው የቱ ጋ ነው?»

ኔካ ግራንትን በክንዱ ይዛ አወጣችው።

በኖቬምበር የካውንቲው ሐኪም ከኦሪን የሞት ወረቀት ላይ «አደጋ» የሚለውን ሰርዞ «ግድያ» ብሎ ጻፈ። ጉድጓዱ በኤፕሪል ሁለቱ ስንጥቆች በሚተላለፉበት ቦታ ተቆፈረ፤ ፍል ውሃም ወጣ። ዴላ ለምረቃው ተጠርታ አልሄደችም።