ከዋናው በር በላይ ያለው ግድግዳ

ከኛ በታች የሚኖሩት ዶኛ ኤደልሚራ ሞተው ሲገኙ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ገና እየፈሰሰ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ነው። ኩሽናቸው ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ጉንጫቸው ቀይ፣ በጣም ቀይ፣ ማለቴ አምሮባቸው ነበር የሞቱት! እንደዚህ ስል እናቴ ትቆጣኛለች፣ ግን እውነቴን ነው። ያገኘቻቸው ጎረቤታቸው ሴኞራ ያኔት ናት፣ ትኩስ ዳቦ ይዛላቸው ገብታ። ጩኸቷ ወንዙ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። እኔም በፒጃማዬ ደረጃውን በሩጫ ወርጄ አየኋቸው። ከዛ ወዲህ ምንም አይሰማኝም። ጥርስ ሐኪም ጋ ሲያደነዝዙሽ እንዳለው፣ ከንፈርሽ አለ ግን የለም አይደል? እንደዛ።

አባቴን በዛው ቀን ከሰዓት ወሰዱት።

አባቴ ሮሳሜል ይባላል፣ የሕንፃችንን ግድግዳ ያደሰው እሱ ነው። የድሮው የብርድ መከላከያ ሲሠራ ጀምሮ የተበላሸ ነበር፣ ከጀርባው ውሃ ገብቶ ሻጋታው ጣሪያ ደርሷል። ከተማችን ቫልዲቪያ ደግሞ ዝናብ አያባራም፣ ጫማ አድርቀሽ የምታውቂ ከሆነ እዚህ አልኖርሽም ማለት ነው። አባቴ አሮጌውን ሁሉ ገፎ፣ ስንጥቁን ደፍኖ፣ ከውጪ ወፍራም ፎም ለጥፎ፣ ለስኖ ነጭ ቀባው። ከጨረሰ ሁለት ሳምንቱ ነው። ሲጨርስም በየበሩ እየዞረ እንዲህ አለ፦

«ድሮ አየር በየስንጥቁ ይገባ ነበር። አሁን ስንጥቅ የለም። የኩሽናውን ቀዳዳ እንዳትዘጉ! የጋዝ ውሃ ማሞቂያው የሚተነፍሰው በሱ ብቻ ነው።»

ሁሉም እሺ አለ። ከዛ ቀስ በቀስ ሁሉም ማለት ይቻላል ጋዜጣ ጠቀጠቀበት። እኛ ሰፈር ቀዳዳ ያየ ሰው ጋዜጣ ይወትፍበታል፣ በቃ፣ እንደዛ ነው ያደግነው።

ሐኪሙ ዶኛ ኤደልሚራን የገደላቸው፣ ጉንጫቸውንም ያቀላው፣ ሽታ የሌለው የጋዙ ጭስ ነው አለ። ፖሊሶቹ የኩሽናቸውን ቀዳዳ ከውስጥ በኩል ሲከፍቱት በፎም ተደፍኗል። የአባቴ ፎም። «ሲለጥፍ ቀዳዳውን መክፈት ረስቶ አልፎበታል፣ በቸልተኝነት ሰው ገድሏል» ተባለ። ሰኞ ዳኛ ፊት ሊያቀርቡት ነው። እናቴ ብርድ ልብስ ልታደርስለት ሄዳ ብርድ ልብሱን ይዛ ተመለሰች።

ዓርብ ጠዋት ኢንስፔክተር ኢሪስ ካትሪሌዮ መጣች። አጭር ናት፣ ጫማዋ እርጥብ፣ ጉንፋን ይዟት በየደቂቃው ታስነጥሳለች። እኔ ደግሞ መርማሪ ሲባል ረጅም ካፖርት ነበር የጠበቅኩት!

«ባልሽ የሚረሳ ሰው ነው?» አለቻት እናቴን።

«የሠርጋችንን ቀን ይረሳል። ሥራ አይረሳም።»

«ጠላት አለው?»

«ሮሳሜል? እሱ ጠላት እንዲኖረው መጀመሪያ ማውራት አለበት!»

ኢንስፔክተሯ ሳቀች፣ ከዛ አስነጠሰች፣ ከዛ ወደ ሴኞራ ያኔት ቤት ወረደች። እኔም ተከተልኳት፣ ማንም አትምጪ አላለኝም።

«ያ ነፍሰ ገዳይ!» ሴኞራ ያኔት እኔን እያየች ጮኸች። «እናቴ ማለት ነበሩ!»

«የርስዎ ቀዳዳስ ክፍት ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ወለል ብሎ!»

ኢንስፔክተሯ መሸፈኛውን አነሳችና አንድ ሙሉ ጋዜጣ ጎትታ አወጣች። «የእሁድ ነው። ኳሱን ማን አሸነፈ?»

«እንዴ፣ ብርድ ይገባላ! በብርድ ልሙት?» አለችና የተናገረችው ለራሷ ሲሰማት አማተበች።

«መስኮትዎ አይገጥምም» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ጣቷን በክፍተቱ እያሾለከች። «ያዳነዎት እሱ ነው። ዛሬውኑ ሁሉንም ያውጡ፣ ለጎረቤትም ይንገሩ።»

ዶን ኒባልዶ፣ የሕንፃችን ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ምድር ቤት ያለው አዳራሽ ውስጥ ወንበር ሲደረድር አገኘችው። ቅዳሜ የአዲሱ ግድግዳ ምረቃ ነበረን። ሰው ስለሞተ ምረቃው ይቀራል ብለን ነበር፣ እሱ ግን አልሰረዘውም።

«ከማዘጋጃ ቤት ይመጣሉ፣ ሪባን አለ፣ ፎቶ አለ» አላት። «ሠላሳ ዓመት ሻጋታ ስንተነፍስ ኖርን፣ ኢንስፔክተር! ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ጻፍኩ! ሮሳሜል እጁ ወርቅ ነው፣ ግን ቸኩሎ ይሆናል። አልፈርድበትም።»

«ፎቶው የት ነው የሚነሳው?»

«ዋናው በር ጋ ነዋ። ሌላ የት ይሆናል?»

ወጥታ ዝናብ ውስጥ ቆመች። የሁላችንም ኩሽና ወደ ጓሮ ነው የሚያየው፣ የዶኛ ኤደልሚራ ብቻ ወደ መንገድ፣ ከዋናው በር በላይ፣ ልክ ከበሩ ጥላ ጣሪያ ከፍ ብሎ። መጀመሪያ ጓሮውን ዞራ አየች። ከየቀዳዳው ሥር በአዲሱ ነጭ ግድግዳ ላይ ቡናማ መስመር ወርዷል፣ እንፋሎቱ ዝገትና ቅባት ይዞ ሲወጣ የሚጥለው። ከፊት ለፊት ግን ምንም የለም።

«ነይ እስቲ» አለችኝ። «ግድግዳው ዝናቡን ይጠጣል፣ አየሽ? ጠቆር ብሏል። እዛ ጋስ?»

አየሁ። ክንድ የሚያህል ቦታ ላይ ውሃው አይገባም፣ ዶቃ ዶቃ እየሆነ ይንከባለላል። የአባቴን መሰላል አምጥቼ ያዝኩላት፣ ጥላ ጣሪያው ላይ ወጣችና በቁልፏ ፋቀችው። ከሥሩ ቡናማ ወጣ። ትንሽ ከፍ ብላ ደግሞ በካቻቢቴ ፈልቅቃ የሆነ ነገር ነቀለች። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። በጣም ነው የተናደድኩባት!

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ለምረቃው በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። ከማዘጋጃ ቤት ማንም አልመጣም፣ ኢንስፔክተሯ ደውላላቸዋለች። አባቴን ሁለት ፖሊሶች መሀል አስቀምጠውታል። ቀበቶውን ወስደውበት ሱሪውን በእጁ ይዟል። አየኝና ቅንድቡን አነሳልኝ፣ እንደ ድሮው።

«ክሱ ሮሳሜል ቀዳዳውን ሳይከፍት ለጠፈበት ነው የሚለው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ግን ከቀዳዳው ሥር፣ በአዲሱ ግድግዳ ላይ፣ ቡናማ መስመር ነበረ። አሁንም አለ፣ የማይታየው ተቀብቶበት ነው። መስመሩን የሚያመጣው ከውስጥ የሚወጣ እንፋሎት ነው። ስለዚህ ግድግዳው ካለቀ በኋላ ቀዳዳው ይተነፍስ ነበር። ሮሳሜል አልረሳም።»

እናቴ እጄን ጨበጠች። አላመመኝም።

«ታዲያ ማን ዘጋው?» አለች ሴኞራ ያኔት።

«የበረደው ሰው ከውስጥ ነው የሚዘጋው፣ እንደርስዎ በጋዜጣ። ይሄ ግን ከውጪ ነው የተዘጋው።» ከቦርሳዋ የፎም ቁራጭ አወጣች፣ አንድ ፊቱ ነጭ። «ተለክቶ፣ ከግድግዳው ጋር እኩል ተደርጎ፣ ተቀብቶ። ይሄ ሰው ብርድ አላሰበም። መንገዱን ነው ያሰበው፣ ፎቶውን።»

ዶን ኒባልዶ የፊተኛውን ወንበር ያስተካክል ጀመር።

«የሮሳሜል ቀለም አሸዋ አለው፣ ውሃ ይጠጣል። ይሄኛው ለስላሳ ነው፣ የዘይት ቀለም፣ ውሃ ያንሸራትታል። እዚህ ሕንፃ ውስጥ በዘይት ቀለም የተቀባው አንድ ነገር ነው፣ እዛ በሩ ጋ ያሉት የፖስታ ሣጥኖች። ማን ነው የሚቀባቸው?»

ፊቶች ሁሉ ወደ ዶን ኒባልዶ ዞሩ። ሁላችንም እናውቃለን። በየዓመቱ መስከረም፣ ለነፃነት በዓሉ፣ በትንሿ ብሩሽ።

«ረቡዕ ነው የዘጋሁት» አለ ዶን ኒባልዶ። ድምፁ ደብዳቤ የሚያነብ ይመስላል። «መስመሩን ሁለት ጊዜ ቀባሁት፣ ሁለቴም ተመልሶ ወረደ። ልክ በሩ አናት ላይ! ለቅዳሜ ብቻ ነበር። እሁድ ላወጣው ነበር።»

«ሮሳሜል በየበሩ ሲዞር የርስዎ በርም ጋ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር» አለ። «እኔ ግን ስለ ጋዜጣ የሚያወራ መስሎኝ። ጋዜጣ እኮ አልከተትኩም።»

ሴኞራ ያኔት ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ተነስታ አባቴ ፊት ቆመች፣ አፏን ከፈተች፣ ከዛ የሱሪውን ጉዳይ አይታ የካፖርቷን መታጠቂያ ፈታ ሰጠችው። የሴት ነው፣ ወይን ጠጅ ቀለም። አባቴም ታጠቀው።

ዶን ኒባልዶን ሲወስዱት ሪባኑ በሩ ላይ እንደተወጠረ ነበር፣ ፖሊሶቹ በሥሩ አጎንብሰው አለፉ።

ቤት ገባን። እናቴ ሾርባ አቀረበች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አባቴ እኮ መጣ! ማንኪያውን ብቻ አያለሁ።

«አሮጌው ግድግዳ ቢሆን ኖሮ አይሞቱም ነበር» አለ አባቴ። «በስንጥቁ ይተነፍሱ ነበር።»

«ተው ሮሳሜል። አንተ አይደለህም።»

«አውቃለሁ።»

ተነሳና መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። ዝናቡ ጠረጴዛው ድረስ ገባ።

«ይበርደናል እኮ!» አለች እናቴ።

«ይብረደን» አለ።

ካፖርታችንን ለብሰን ሾርባችንን ጠጣን።