አራቱ ነጭ ምልክቶች

ይህን የማታምኑ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል... በእኔና በሰባት ዓመቷ ልጄ ላይ ሆኗል።

አስመራ። ሪፈረንደሙ ካለፈ ገና ዓመት አልሞላውም። የጥር ወር፣ እሁድ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት።

ሌሊት አልነበረም። ጋራዡ ካለበት ሰፈር ከገጀረት ስንነሳ ፀሐይዋ ቦግ ብላ ነበር።

ትንሿን ሰይቼንቶ ማኪናዬን ሰርቪስ ያስገባኋት ቅዳሜ ነው። ዘይት መቀየር፣ ፍሬን ማየት፣ ጎማ ማዟዟር... ሌላ ምንም።

መካኒኬ በራኺ ነው። አዲስ አበባ አብረን አድገን፣ በአንድ አውቶቡስ ወደ አስመራ የተመለስን ጓደኛዬ። የሠርጌ ሚዜ። ልጄ ሰምሃር "ሓወቦይ በራኺ" ነው የምትለው፤ አጎቴ እንደማለት። ሁለታችን ስንገናኝ እስከ ዛሬ የምናወራው በአማርኛ ነው።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። የእኔ ፈረስ ደግሞ አራት ጎማ ነበረው።

ጋራዡ የመምህሩ የኣቦይ ዘርዓይ ነበር። ከሞቱ ዓመት ሆኗቸዋል። በራኺ ጋራዡን ሲረከብ አንድ ሕግም አብሮ ተረከበ።

ኣቦይ ዘርዓይ ጎማ ሲያስሩ፣ ብሎኑን በመፍቻ አጥብቀው ከጨረሱ በኋላ ብቻ፣ በቀጭን ብሩሽ ነጭ ቀለም ጠብ ያደርጉበታል።

"ነጭ የነካው ሥራው አልቋል። ከእንግዲህ ማንም አይነካውም" ይሉ ነበር።

ብሩሿን ከጆሯቸው ላይ አያወርዷትም። ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶአቸው እንኳ ጆሯቸው ላይ እንደተሰካች ናት።

እሁድ ጧት ከሰምሃር ጋር ማኪናዋን ልወስድ ሄድኩ። ከቁልቁለቱ በታች ጊንዳዕ ከተማ ያለችውን አክስቴን ኣምለሰትን ልንጠይቅ ነው። በራኺ ሰምሃርን አቅፎ አነሳት፤ ሳማትና ከሹፌሩ ወንበር ጎን አስቀመጣት።

"ጨርሰሃል?" አልኩት።

"እወ! ነጭ አድርጌለታለሁ፣ እየው። በል ቶሎ ውጣልኝ፣ የብስክሌት ውድድሩ ሊያመልጠኝ ነው።"

አየሁ። በየጎማው አራት ብሎን፣ አራት ነጭ ምልክት። አምኜ ተነሳሁ።

ቁልቁለቱን እንደጀመርን ጉሙ መጣ። የዚያ መንገድ ጉም ሲመጣ አያንኳኳም፤ የራስህን ማኪና ኮፈን ይሰውርብሃል።

ከዚያ ድምፁን ሰማሁ።

ቋ...

ትንሽ ቆይቶ... ቋ... ቋ...

ጠጠር ነው ብዬ አለፍኩት።

በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ሰማያዊ ቱታ ለብሰዋል። ጀርባቸውን ሰጥተውን አንድ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ያወዛውዛሉ፤ ቀስ በል እንደሚባለው። አለፍናቸው።

በሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይም ቆመዋል።

ያው ቱታ። ያው እጅ።

"ባባ..." አለች ሰምሃር በሹክሹክታ። "እኚህን ሰውዬ ቅድም አልፈናቸው የለ?"

"ሌላ ሰው ናቸው።"

"አይደሉም..."

መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቋ ቋ ቋ ቋ...

በሦስተኛው ጠመዝማዛ መሐል መንገዱ ላይ ነበሩ። ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረዋል። ጉሙ ፊታቸውን ሸፍኖታል፤ ጆሯቸው ላይ የተሰካችው ቀጭን ነገር ግን ታየችኝ።

ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩ። ማኪናዋ ወደ ግራ ዞራ፣ ከገደሉ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

ወረድኩ። ሰው የለም።

የግራውን የፊት ጎማ አየሁት። አራቱም ብሎኖች ወጥተው በጥቂት ጥርስ ብቻ ተንጠልጥለዋል። አንዱን በሁለት ጣቴ ነካሁት... ዞረ።

እያንዳንዳቸው ላይ ነጩ ምልክት አለ።

መፍቻ ልፈልግ፣ ዕቃ የሚጫንበትን የፊት ኮፈን ከፈትኩ። አንገቴን እንዳስገባሁ ከጎማው በኩል ሰማሁ።

ክርርክ... ክርርክ...

ሰው ብሎን እያጠበቀ ነው።

"ሰምሃር! ምን እያደረግሽ ነው?"

"እኔ አይደለሁም..." አለች። ድምፅዋ ከማኪናዋ ውስጥ ነው የመጣው።

ስመለስ አራቱም ጠብቀዋል። በመፍቻ ሞከርኳቸው፤ ንቅንቅ አይሉም። በደረቀው ነጭ ላይ ሌላ ነጭ ተጨምሯል። እርጥብ ነበር።

ጊንዳዕን ረሳኋት። በእግረኛ ፍጥነት ወደ አስመራ ተመለስኩ። ሰምሃርን ለእናቷ ለኣብርሄት ሰጥቼ ወደ ጋራዡ ሄድኩ።

በራኺ ወደ ውድድሩ አልሄደም። ከፎቶው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ዘሎ ተነሳ።

"የግራው... የፊት ጎማ... ወለቀ እንዴ?"

እኔ ገና አንድ ቃል አልተነፈስኩም ነበር።

"ማን ነገረህ?"

በርጩማውን በእግሩ ገፋ አደረገ።

"በራኺ፣ ማን ነገረህ?"

"የመጨረሻውን ጎማ በእጄ ብቻ ነበር ያሰርኩት" አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። "ውድድሩ እንዳያመልጠኝ ብዬ ቀለሙን አስቀድሜ ነካሁት። ኋላ በመፍቻ አጠብቀዋለሁ ብዬ... ረሳሁት።"

"መቼ ትዝ አለህ?"

"እንደወጣህ።"

ግድግዳውን አየሁ። የደንበኞች ማኪና ቁልፎች ተሰቅለዋል። ስድስት ነበሩ። ስድስቱም ማኪኖች ግቢው ውስጥ ቆመዋል።

"ለምን አልተከተልከኝም?"

"ስሜ..." አለ። "ሰው ሁሉ ውድድሩን ሊያይ አደባባይ ወጥቷል። መሐል ከተማ አስቁሜህ ብሎን ሳጠብቅ ቢያዩኝ፣ ከእንግዲህ የትኛው ደንበኛ ይመጣልኛል? ምናልባት ቀስ ብሎ ይነዳል አልኩ። ምናልባት..."

ምናልባት። በገዛ እጁ አንስቶ ያስቀመጣትን፣ ጉንጯን የሳማትን ልጅ፣ በምናልባት ቁልቁል ለቀቃት።

ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ጉሙ ውስጥ ያየሁት ነገር ያን ያህል አላስፈራኝም። ስህተቱንም ቢሆን ይቅር እለው ነበር፤ ሰው ይረሳል። እኔን እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ፣ ጓደኛዬ እያወቀ በዚያ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሁለት ሰዓት ነው።

"ብሎኖቹ ጉሙ ውስጥ ጠብቀው ተገኙ፤ እኔ አልነካኋቸውም" አልኩት።

"ማን አጠበቀው ታዲያ?" አለኝ በሹክሹክታ።

ፎቶውን ብቻ አየሁት። እሱም ዞሮ አየው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ይቕረ በለለይ ሓወይ... ይቅር በለኝ ወንድሜ" ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ።

ልጨብጠው አልቻልኩም።

የቀለሙ ጣሳ መደርደሪያው ላይ እንደተከደነ ነው። አውራ ጣቱ ንጹሕ ነበር። በቀሩት በአራቱ ጥፍሮቹ ላይ ግን፣ በእያንዳንዳቸው ላይ፣ አንድ አንድ ነጭ ምልክት ነበረ... ቀለሙ ገና አልደረቀም።

በራኺ እጁን አላየውም ነበር። የኣቦይ ዘርዓይ ቃል ትዝ አለኝ፦ ነጭ የነካው ሥራው አልቋል። እንደዘረጋው ትቼው ወጣሁ።