የተበላሹት ፊቶች

በ«ወገግታ» መርከብ ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሰዓት የመግደል ግዴታ ነበረበት። በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት ዐለቶች ማዕድን ቆፍሮ ለመመለስ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሠላሳ ሁለት ሰው ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲታጎር ንዴት መጠራቀሙ አይቀርም። የመርከቡ ሐኪም ነቢያት መድኃኒት ብላ ያዘዘችው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራ የጦርነት ጨዋታ ነው። ያኔ ጨዋታው ለጠፍጣፋ ስክሪን የተሠራ ነበር። አሁን ግን ተጫዋቹ ምቱንም ሕመሙንም ገላው ላይ የሚያደርስ «የስሜት ልብስ» ለብሶ ይገባበታል፤ የድሮውን ሻካራ ምስል እውነተኛ የሚያስመስለው ደግሞ «አዳሽ» የሚሉት ፕሮግራም ነው።

ምንታምር የመርከቡ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነበረች። ልብሶቹን የምትፈትሸው እሷ ስለሆነች ከግዴታው ነፃ ናት፤ ጨዋታው ውስጥ ገብታ አታውቅም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቆፋሪው ደባልቄ ላብ አጥምቆት ወደ መጠገኛ ክፍሏ መጣ። ጨዋታው ውስጥ አንዱን ወታደር አንገቱን ወግቶ ሲጥለው የራስ ቁሩ ወልቆ የገዛ ራሱን ፊት እንዳየ ነገራት።

«የራሴን ጉሮሮ ነው የቆረጥኩት» አላት።

የምስል ብልሽት መሆኑ ገባት። ልብሱን ለብሳ ራሷ ለማየት ገባች።

የተቃጠለ ከተማ መሃል ቆመች። ግድግዳዎቹ ይርገበገባሉ፤ ሰማዩ በጥቁርና በሮዝ አራት ማዕዘኖች ተቦዳድሷል። ይህስ የአሮጌ ጨዋታ ሁሉ ችግር ነው። የመጀመሪያው ወታደር ከፍርስራሹ ዘሎ ሲመጣባት በጠመንጃዋ ሰደፍ መንጋጋውን አለችው። አጥንቱ ሲሰበር በእጇ ተሰማት። ወድቆ ስታየው ምግብ አብሳዩ አቶ ገረመው ናቸው፤ አፋቸው ደም ሞልቶ ያዩዋታል። ሁለተኛውን ደረቱ ላይ ተኮሰችበት፤ ሐኪሟ ነቢያት ሆና ተዘረረች። ሦስተኛው ከኋላ አነቃት። ዓይኗ ሊጨልም ሲል ቢላዋዋን መዛ ጎኑን ሦስት ጊዜ ወጋችው፤ ትኩስ ደም ክንዷ ላይ ወረደ። ገልብጣ ስታየው ሁልጊዜ ምሳ አብራት የምትበላው ውባንቺ ነበረች።

ልብሱን አውልቃ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። በድሮው ጨዋታ የጠላት ፊት ማለት ዘጠኝ ነጥብ ብቻ ነው፤ ዓይንም አፍም የለውም። አዳሹ የሚሞላበት ፊት ሲያጣ ከሠራተኞች መዝገብ ፎቶ እየወሰደ ይለጥፍ ነበር። መንገዱን ዘጋችበትና ለወታደሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጭምብል አለበሰቻቸው።

ብልሽቱ መቼ እንደጀመረ ስትፈልግ ግን ደነገጠች። አዳሹ በአዲስ ቅጂ ከተተካ አምስት ወር ሆኖታል። አምስት ወር ሙሉ ሠላሳ አንድ ሰው በየሳምንቱ እየገባ ባልንጀሮቹን ሲያርድ ከርሟል፤ ከደባልቄ በፊት አንድም ያመለከተ የለም።

ደባልቄን አስጠርታ ከዚህ በፊት የማንን ፊት እንዳየ ጠየቀችው።

«የሁላችሁንም» አለ መሬት መሬት እያየ። «ያንቺንም፣ ብዙ ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሌላ ሰው ሲሆን ብልሽት አልመሰለኝም» አላት።

ወደ ነቢያት ሄዳ ስትነግራት ሐኪሟ አልደነቃትም። በእነዚህ አምስት ወራት መርከቡ ላይ አንድም ጠብ አለመነሳቱን ጠቅሳ ፊቶቹን መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀቻት። ምንታምር እንደማይቻል ነገረቻት። ውሸቷን ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ምግብ አዳራሹ ውስጥ ደባልቄ ወጡ ቀጠነ ብሎ ከአቶ ገረመው ጋር ተጨቃጨቀ፤ ቀጥሎም በቡጢ መታቸው። ሽማግሌው ከብረቱ ጠረጴዛ ጋር ተላትመው ቅንድባቸው ተተረተረ፤ ደማቸው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ደባልቄ ቁስሉን እያየ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ተንበርክኮ በሸሚዙ እጅጌ ደሙን ያዘና «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» እያለ ታቅፏቸው ወደ ሕክምና ክፍል ሮጠ።

ምንታምር ተከትላቸው ገባች። ነቢያት ቁስሉን እየሰፋች ቀና ብላ አየቻትና ፊቶቹን እንድትመልስ እንደገና ጠየቀቻት። በጨዋታው አምስት ወር ሙሉ ሲገድላቸው ያላመለከተው ደባልቄ የሽማግሌውን እጅ ይዞ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር።

«አይቻልም አልኩሽ እኮ» አለቻት ምንታምር።