ከቅጠል ያልወጣው ላብ

ጎሹ የተገኘው በእስራኤል፣ ከረሆቮት ከተማ ዳር ባለው ፓርዴስ፣ በብርቱካኑ እርሻ ውስጥ፣ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ማጅራቱን በመስኖ ብረት ተመትቷል። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና «ቀትር ላይ ነው የሞተ» አለ።

ሟቹ ዛፎች በሙቀት ምን ያህል ውሃ እንደሚያወጡ የሚያጠና ባለሙያ ነበር። ጠዋት ቅርንጫፉ ከነቅጠሉ በላስቲክ ከረጢት ይታሰራል፤ ቅጠሉ ሲያልበው ውሃው ከከረጢቱ ሥር ይጠራቀማል፤ ማታ ይለካል።

መርማሪዋ ኦስናት ሚስቱን ሀናን አስቀድማ ጠየቀች።

«ጎረቤት ከባልዎ ጋር ተጣልተው ነበር ይላል።»

«ተጣልተናል። ያቺ አብራው የምትሠራ ተማሪ፣ አድቫ፣ ከመጣች ወዲህ ቀንቻለሁ እህቴ። ቅናት እንደ ብል ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላ። እጄን ግን አላነሣሁበትም።»

«ቀትር ላይ የት ነበሩ?»

«ክርያት ሞሼ ሰፈር፣ ቤቴ። ብቻዬን።»

አድቫ እንባዋን መግታት አልቻለችም። ከጠዋት ጀምሮ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ከረጢት ስታስር እንደዋለች ተናገረች። የጎሹ የሥራ ባልደረባ አለበል ግን ረጋ ብሎ ነበር።

«እኔ የዳሩን ረድፍ ነው ያሰርሁ፤ ከጠዋት እስከ ቀትር፣ ከዚያ አልተነቃነቅሁም። ካላመንሽ ሂጂና እይ፣ ሁሉም ሞልተዋል። በዚህ ሻራቭ፣ በዚህ ነዲድ፣ ቅጠሉም እንደ ሰው ያልበዋል። ይልቅ ሚስቱን ጠይቂ።»

ኦስናት በሥራዋ ብዙ ቅናት አይታለች። ቀናተኛ ሰው አፉ ስለ ሟቹ ሲያወራ ዓይኑ በሕይወት ያለውን ይጠብቃል። የአለበል ዓይን ከአድቫ ላይ አልተነሣም።

ወደ ዳሩ ረድፍ ሄደች። ከረጢቶቹ እውነትም ሞልተዋል። ከረድፉ ጫፍ ካለው ቧንቧ ሥር ግን መሬቱ ጨቅይቶ ነበር። ከሁለቱም ረድፍ ከረጢቶች ውሃ ቀድታ ተመለሰች።

በማግስቱ ሦስቱንም በሠራተኞቹ ወጥ ቤት ሰብስባ ሁለት ጥቁር መጥበሻ ጣደች።

«ይኸኛው የአድቫ ከረጢት ውሃ ነው፤ ያኛው የአለበል።»

ውሃው ፈልቶ ተነነ። የአድቫው መጥበሻ እንደ ጠቆረ ቀረ። የአለበል ነጭ ቅርፊት ያዘ።

«ይህማ ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ የሚጋገረው ኖራ ነው!» አለች ሀና።

«አዎ። የቧንቧ ውሃ ኖራ አለው። ቅጠል ሲያልበው ግን ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው የሚያወጣ፤ ኖራው ዛፉ ውስጥ ይቀራል።» ወደ አለበል ዞረች። «ከረጢቶቹን እንዳሉት አስረው ቢሆን በራሳቸው በሞሉ፤ ከቧንቧ መቅዳት ባላስፈለገ። ያሰሯቸው ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ ነው፤ ማታ ሲለካ እንዳይጋለጡም የቧንቧ ውሃ ጨመሩባቸው። ታዲያ ቀትር ላይ የት ነበሩ?»

አለበል አድቫን ነበር ያናገራት።

«ከሱ ጋር ስትስቂ እያየሁ እነድ ነበር። ‹ተዋት፣ የኔ ትሁን› ብዬ ለመንሁት፤ ሳቀብኝ! ያን ጊዜ ብረቱን አነሣሁ።»

«ደስ ብሎት ነው የሳቀው!» ጮኸች አድቫ። «ስላንተ ነበር የሚያወራኝ። ‹አለበል ወዶሻል፤ ደግ ሰው ነው፣ እንቢ አትበይው› ሲለኝ ነበር የከረመው።»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች አለበልን ይዘው አወጡት።

ሀና ተነሥታ የአድቫን እጅ ያዘች።

«ነይ፣ ልቅሶው ቤት እንሂድ» አለቻት። «ከጎኔ ትቀመጫለሽ።»