የማማዋ እመቤት መልስ

«ያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ሰውዬ ጆሮ ጠቢ ነው» ትለኛለች አክስቴ፣ ትኬት ከምትቆርጥበት መስኮት አንገቷን አውጥታ። «የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ነው የላከው። ከማይክሮፎኑ ሊያስነሳሽ ነው፣ ምን አለች በይኝ!» ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ትደግመዋለች።

ሥራዬ ከሲኒማ ቤቱ ጥግ ተቀምጬ የፈረንሳይ ፊልም ለተመልካች መተርጎም ነው። ፈረንሳይኛ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያስተማሩኝ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላትና የራሴ ግትርነት ናቸው።

ቅዳሜ የምናሳየው ስለ ጥንት ፈረሰኞች የተሠራ አሮጌ ኮሜዲ ነው። ጀግናው የብረት ልብሱ እንደ ድስት እየተንኳኳ የሚወዳት እመቤት ያለችበት ማማ ሥር ይደርሳል፤ ፍቅሩን ሊናገር አፉን ሲከፍት የራስ ቁሩ ክዳን ጓ ብሎ ይዘጋበታል። ሁሌም ያስቀኛል። ከፈረስ ወድቆ እንኳ ኩራቱን የማይጥል ሰው ደስ ይለኛል፤ ዘመዴ ነው።

እመቤቲቱ ከማማው ላይ የምትመልስለት ግን አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም። ጥርሷን ነክሳ ነው የምትናገረው። ስለዚህ በየሳምንቱ አዲስ ስድብ እፈጥርላታለሁ። «ወይ ሰው ሁን፣ ወይ ድስት ሁን!»

ሕዝቡ ለሁሉም ይስቃል። ሰውዬው የሚስቀው ግን እኔ በፈጠርኩበት ቦታ ብቻ ነው። ይኼ ደግ ነገር አይደለም።

አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«ስማ፣ ፈረንሳይኛ ታውቃለህ አይደል?»

«እኔ? አንዲት ቃል አላውቅም።»

«ታዲያ እዚያች ቦታ ምን ያስገለፍጥሃል?»

«እዚያ ስትደርሺ ድምፅሽ ይለወጣል። መተርጎሙ ይቀርና ራስሽን ትሆኛለሽ።»

«ምላስህ ማር ነው፤ ማር ደግሞ ዝንብ ይይዛል» አልኩት። ፊቴ ግን ጋለ።

ከዚያ በኋላ ቤት ድረስ ይሸኘኝ ጀመር።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«አስተምራለሁ።»

«ምን?»

«ልጆች።»

እየወደድኩት ጠረጠርኩት፤ እየጠረጠርኩት አገባሁት።

በሠርጋችን ላይ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ብርጭቆውን አንስቶ ቆመ። «ይህን የፈረንሳይኛ መምህር ትርጉሟን እንዲመረምር የላክሁት እኔ ነኝ! ‹እንከን የለባትም› ብሎ ነው የመለሰልኝ።»

አክስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። «አላልኩሽም?»

ቀለበቱ ጣቴ ላይ ነበር። ወደ ባሌ ዞርኩ።

«አንተ ውሸታም! እመቤቲቱ ምንድን ነው የምትለው?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«‹አላምንህም› ነው የምትለው። ‹ግን ግባ።›»