ሁለት ቢጫ መስመር

ወለላ በእባብ ላይ ቂም ከያዘች አምስት ዓመቷ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከገብስ ክምር ሥር የወጣ እባብ የግራ እጇን ትንሿን ጣት ነከሳት። መርዙ ልቧ ሳይደርስ ብለው አጎቷ አያ በላቸው ጣቷን በማጭድ ቆረጡት። ከሞት አተረፏት፤ ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያወራል። እሷም ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን እባብ ሁሉ ስትቀጠቅጥ ኖረች።

ዛሬም አንዱን ገድላ በጆንያ ይዛ ክፍል ገባች። የሳይንስ አስተማሪው አቶ ሙላት በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ምን ዓይነት እባብ እንዳለ ለማወቅ ተማሪውን ሁሉ አሰማርተዋል። በሕይወት ያለ ያየ ከሩቅ ሆኖ የት እንደታየና እነማን እንዳዩት ይጽፋል፤ ሞቶ ከተገኘ ለእሳቸው ይነገራል። «አትግደሉ» ብለው ነበር። ወለላ መች ሰምታ!

«ይኸው ጋሼ። ቡናማ፣ ጀርባው ላይ ሁለት ቢጫ መስመር። ጣቴን ያስቆረጠኝ የዚህ ዘር ነው፤ አልረሳውም።»

«ጀግናዋ መጣች!» አለች ጥላነሽ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

አቶ ሙላት የእባቡን አፍ በእንጨት ከፍተው ደጋግመው አዩ። ከዚያ የወለላን እጅ አዩ።

«ይሄ እኮ መርዝ የለውም፣ ወለላ። አይጥ ነው የሚበላው። ሰው አይገድልም።»

«ታዲያ ጣቴስ?»

አሁን የሳቀ የለም። ወለላ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የጃንሆይ ፎቶ ሥር እንደቆመች ጣቷ የነበረበትን ቦታ በቀኝ እጇ ሸፈነች።

ቤት ስትደርስ አያ በላቸው ክምር እያፈረሱ ነበር። ድንገት መንሻቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ነይ ወለላ! የጣትሽ ደመኛ!»

ሁለት ቢጫ መስመር ከገለባው ሥር ይሳባል። ወለላ ሮጣ መሀል ገባች።

«ይተዉት!»

«አብደሻል? እኔ ያን ቀን ባልደርስልሽ ኖሮ...» እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ዓይናቸው እንባ ያቀራል።

«በከንቱ ነው የቆረጡኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ዋጠችው።

«ለትምህርት ቤት ልጽፈው ነው፣ አያ።»

እባቡ የድንጋይ ካቡ ውስጥ ገባ። ወለላ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «ከገብስ ክምር ሥር። ሁለት ቢጫ መስመር ያለው። መርዝ የለውም። አልተገደለም።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አሉ ማንበብ የማያውቁት አጎቷ።

«እባብ አየን ብዬ።»

«ያዩት ሰዎች» ከሚለው ፊት ስሟን አሰፈረች። ከሥሩም የአያ በላቸውን ጨመረች።