በኮንጎ ወንዝ ላይ የጠፋው ግማሽ ሰዓት

የሎኩሊ ሬሳ ጀልባዋ ወለል ላይ፣ በበቆሎ ጆንያዎች መካከል ተጋድሟል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። አንድ እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ሽባ ስለነበር መዋኘት አይችልም፤ ስለዚህ ጀልባ ላይ በወጣ ቁጥር ቢጫ ባዶ ጀሪካን በገመድ ወገቡ ላይ ያስር ነበር። ጀሪካኑ አሁንም አብሮት አለ።

ኢንስፔክተር ካፒንጋ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ግራ እጁን አንስታ አየችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። ቀና ስትል ከምሰሶው ጋር የታሰረ፣ ፊቱ በዱላ ያበጠ ሰው አየች።

«ይሄን ማን አሰረው?»

«እኔ» አለ ኢዮፌ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም። «ኤቱምባ ነው፤ ሞተረኛችን። ወንድሜን የገደለው እሱ ነው። ምባንዳካ ስንደርስ ለዘመዶቻችን እንሰጠዋለን። ፖሊስ አያስፈልገንም ነበር፤ ካፒቴኑ ነው የጠራሽ።»

«ለዘመዶቻችሁ ስትሰጡት ምን ያደርጉታል?»

«እነሱ ያውቃሉ።»

ኤቱምባ ደም የተቀላቀለበት ምራቁን ተፋ። «ጎማ አንገቴ ላይ ያደርጋሉ፣ ማማ ኢንስፔክተር። እሱም ክብሪቱን ያቀብላል።»

ካፒንጋ ሁለቱን ፖሊሶቿን አሳፈረችና ጀልባዋ ወደ ምባንዳካ፣ ወንዙን ሽቅብ እንድትቀጥል አዘዘች። ያን ዕለት ጠዋት ጀልባዋ ላይ የነበሩት አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ሞቷል። የቀሩትን አራቱን በየተራ ጠየቀች።

መጀመሪያ የጠየቀችው ሽማግሌውን ካፒቴን፣ ፓፓ ሊሳሲን ነው። መሪውን ሳይለቅ መለሰላት።

«አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሎኩሊ እንደጠፋ ኢዮፌ ነገረኝ። ወዲያው ዞርኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወንዙ መሃል ጀሪካኑን አየን። መዝገቤ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ቁልቁል ስትመጣ ሞተሩን ጨመርክበት?»

«ብጨምርበት ይግላል። ሽቅብ በወጣሁበት ጉልበት ነው የወረድኩት፤ የትም አልቆምኩም።»

«ከዚያ በፊትስ? ማን የት ነበር?»

«ከሦስት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ የመሪው ሰንሰለት አስቸግሮኝ ኤቱምባ እዚህ እግሬ ሥር ተኝቶ ሲያስተካክል ነበር። ሩብ ጉዳይ ለአራት ሲል ወደ ሞተሩ ወረደ፤ ኢዮፌ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እስክንዞር ድረስ ከኔ አልተለየም። ኤቱምባን ግን ከወረደ በኋላ ማንም አላየውም።»

«ወንድማማቾቹ ይዋደዱ ነበር?»

ሽማግሌው ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ባለፈው ወር ኢዮፌ መሪ ይዞ የአሣ አጥማጅ ታንኳ ደፈጠጠ። አባትና ሁለት ልጆች ነበሩበት። አላቆመም። ሎኩሊ እንቅልፍ አጣ። ነገ ምባንዳካ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሊናገር ነበር።»

«አንተስ ለምን አልተናገርክም?»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ጀልባዋ ደግሞ የእናታቸው ናት።»

ኤቱምባ ከሟቹ ጋር ትናንት መደባደቡን አልካደም። «ሰካራም አለኝ፤ መታሁት። ነበርኩም፣ ሰክሬ። እንዲህ ያለውን ሰው ግን አልገድልም። ደሞዜን ከእናቱ ጋር እየተጣላ የሚያስከፍልልኝ እሱ ነበር።»

እናትየው ማማ ቦሉምቡ ከሬሳው ራስጌ ተቀምጣለች። እንባ የላትም። ካፒንጋ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ማማ፣ ልጅዎን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«አራት ሰዓት ላይ። ወንዙ ዳር ያለው የሚሽን ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል የካሳቫ ዳቦና አሣ ሰጠሁት። በልቶ አመሰገነኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የወለድኩትን ልጅ ማብላቴን እረሳለሁ?»

ኢዮፌ ከእናቱ ጀርባ ቆሞ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ከአራት ሰዓት በኋላ ማለት ነው የሞተው። እኔ ከካፒቴኑ ጋር ነበርኩ። ማን ቀረ? ቁጠሪያ!»

«እቆጥራለሁ» አለች ካፒንጋ።

ሁሉንም ከምሰሶው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ካፒቴኑ መሪውን ለአንዱ ፖሊስ ሰጥቶ መጣ። ጀልባዋ ሽቅብ መሄዷን አላቆመችም። ካፒንጋ አንድ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ጣለች።

«ፓፓ ሊሳሲ፣ እርምጃዬን ቁጠርልኝ።»

ወደ ፊት ተራመደች። ሃያ ላይ ዞራ በዚያው አካሄድ ተመለሰችና ጫማዋን አነሳች።

«ስንት?»

«ለመሄድ ሃያ፣ ለመመለስ ሃያ» አለ ሽማግሌው ግራ ተጋብቶ።

«ጀልባዋ እኮ እየሄደች ነው። ለምን ስመለስ አላጠረኝም?»

«ጫማሽንም ይዛው እየሄደች ነዋ!»

«ወንዙም እንደዚያው ነው። ከጀልባዋ ላይ ሰው ቢወድቅ ፍሰቱ ቁልቁል ይወስደዋል። ግን ያው ፍሰት ጀልባዋንም በዚያው መጠን ይገፋታል። ሞተሩ ካልተነካ፣ ከወደቀው ሰው ለመራቅ የፈጀባችሁን ጊዜ ያህል እሱ ጋ ለመመለስም ይፈጅባችኋል። አንድ ደቂቃ አይጨምርም፣ አንድ ደቂቃ አይቀንስም።»

«እኔ እኮ ወንዙ ስለወሰደው ነው የዘገየን ብዬ ነበር» አለ ካፒቴኑ።

«ወንዙ እናንተንም ወስዷችኋል። አራት ሰዓት ተኩል ዞርክ፤ አምስት ሰዓት ተኩል አገኘኸው። ለመመለስ አንድ ሰዓት። እንግዲህ ለመራቅም አንድ ሰዓት። ሎኩሊ ውሃ የገባው መቼ ነው?»

ሽማግሌው ጣቱን አጠፈ። «ሦስት ሰዓት ተኩል።»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኤቱምባ የት ነበር?»

«እግሬ ሥር።»

«እንግዲህ አንተና ኤቱምባ ከጥርጣሬ ወጣችሁ። እናትና ልጅ ቀሩ። እናትየዋ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ወንዝ ውስጥ የቆየ ልጇን ዳቦ አበላሁት ትለኛለች።»

ማማ ቦሉምቡ ቀና አላለችም። ኢዮፌ ግን ሳቀ። «በጫማ ሰው ትሰቅያለሽ?»

«የሚያስርህ ጫማው አይደለም፤ የእናትህ ውሸት ነው። አራት ሰዓት ለኤቱምባ ምን ይጠቅመዋል? ለካፒቴኑስ? አራት ሰዓት ንጹህ የሚያደርገው አንተን ብቻ ነው። ነገ የሚከሰስም አንተ ብቻ ነበርክ።» ወደ እናትየው ዞረች፤ አነጋገሯም ተለወጠ። «አሁን አንቺ ስሚኝ። ገመዱን ወገቡ ላይ ነበር የሚያስረው። ወገቡ ላይ የለም። ግራ እጁ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል፤ ቋጠሮው በጥርስ የተጎተተ ነው። የሞተ ሰው ቋጠሮ አይቋጥርም። ልጅሽ ውሃው ላይ ነቅቶ ነበር። የቻለውን ያህል ተንጠልጥሎ ቆይቷል። በአምስተኛው ደቂቃ ጮኸሽ ቢሆን በአሥረኛው ታገኙት ነበር።»

ካፒንጋ የሴትዮዋ ፊት በድንጋጤ ሲፈርስ ለማየት ጠበቀች፤ ምንም አልፈረሰም። ያን ጊዜ ኢዮፌ ፈነዳ።

«እኔን ብቻ አትዪኝ! አንድ ጊዜ ነው በዘንግ የመታሁት፣ ተናድጄ! ወዲያው ሮጬ ነገርኳት። ‹ማማ፣ እየተጣራ ነው› አልኳት። ‹ተወው፤ አሁን ይርቃል› አለችኝ! ‹ካፒቴኑ ጋ ሂድና ቁም፣ እኔ እስክልህ አትናገር› አለችኝ!»

«አንተን ላተርፍ ነው» አለች እናቱ በቀስታ። «እሱ ሊያስርህ ነበር። ሁለት ልጅ ከማጣ አንድ ብዬ...»

«እኔ ግደዪው አላልኩሽም!»

ልጇ ምራቁን እግሯ ሥር ተፋ። ከፖሊሶቹ አንዱ ኤቱምባን ፈታና በዚያው ገመድ ኢዮፌን አሰረው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምባንዳካ ደረሱ። የሎኩሊ ሞት በስልክ ተሰምቶ ኖሮ የማማ ቦሉምቡ እህቶችና የእህት ልጆች ፊታቸው ላይ አመድ ነስንሰው ወደቡን ሞልተውታል። ሬሳው ሲወርድ ዋይታው ከተማውን አናወጠው። ቀጥላ እሷ ወረደች፤ ወግ ነውና እቅፋቸው ውስጥ ልትወድቅ እጆቿን ዘረጋች።

ፓፓ ሊሳሲ ቀድሟት ወርዶ ያደረገችውን ለታላቅ እህቷ በጆሮዋ ነግሯት ነበር። ታላቅየዋ እጇን አነሳች። ዋይታው ተቋረጠ። ሴቶቹ ለሁለት ተከፍለው መንገድ ለቀቁላት፤ ማማ ቦሉምቡ እጆቿን እንደዘረጋች፣ ማንም ሳይነካት፣ በመካከላቸው አልፋ ወደ ፖሊሱ መኪና ሄደች።